ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ያለው ኑሮ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ ኮንክሪት ጥራትና ስለ ግንባታ ውል መነጋገር የቆየ ልማዳችን ነው። ስለ ሰው ሆድ መናገር ግን ያልተለመደ በመሆኑ፣ ከመካከላችሁ «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። እኔም ሐኪም አይደለሁም። ይህ ርእስ የተሰጠኝ ከልክ ላለፈ ውፍረት የሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች አንዱ ስለ ሆንሁ ነው። ከዚያም ወዲህ ከአባላታችን ጥቂት የማይባሉት በግል እየጠሩ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ እያደረጉ ስለ ጉዳዩ ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ በጆሮው የነገርሁትን ዛሬ ለሁሉም በአደባባይ ለመንገር ተነሥቻለሁ። ነገሩን በሹክሹክታ መያዙ ራሱ ሰውን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

የችግሩ መጠን

የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከነበሩት አዋቂዎች 2.5 ቢሊዮን ያህሉ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ሲሆን፣ ከነዚህም ውስጥ 890 ሚሊዮኑ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። መለኪያው ቀላል ነው። የሰውየው ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ካሬ ይካፈላል። ውጤቱ 25ና ከዚያ በላይ ሲሆን ክብደቱ በዝቷል፣ 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን ውፍረቱ ከልክ አልፏል ይባላል። ይህ ስሌት ጡንቻን ከስብ ለይቶ ስለማያውቅ ፍጹም አይደለም፤ ሆኖም እንደ መነሻ ያገለግላል።

በአገራችን ውፍረት ለረጅም ዘመን የጤናና የጥጋብ ምልክት ሆኖ ኖሯል። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሕዝብ፣ የሞላ ጉንጭ ሲያይ ቢደሰት የሚያስገርም አይሆንም። «ወፈርህ፤ ተመችቶሃል» የሚለው ሰላምታ ከፍቅር የመጣ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቋንቋችን «ሆዳም» የሚል ብርቱ ስድብ አለው። እንግዲህ ወፍራም ሰው በአንድ አፍ ይመረቃል፣ በሌላው ይነቀፋል፤ ሁለቱም ግን ስለ በሽታው አይነግሩትም።

እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 142 ኪሎ ግራም እመዝን ነበር። ሲሰላ 47 ገደማ ይመጣል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ነበረብኝ፤ በእንቅልፍ ጊዜም ትንፋሼ ይቋረጥ ስለ ነበር ቀን ቀን በስብሰባ ላይ ያንቀላፋኝ ነበር። ለእኛ ሙያ የበለጠ የሚገባውን ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው የሚታጠቀው የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ በተለምዶ የሚያገለግለው ከ59 እስከ 140 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ነው፤ ይህም የሚይዘውን መሣሪያ ጨምሮ ነው። እኔ ገና መዶሻና ሜትር ሳልይዝ ከልኩ አልፌ ነበር። ስለዚህ የምቆጣጠረውን ሥራ ከታች ቆሜ ወደ ላይ አንጋጥጬ መመልከት ግዴታዬ ሆነ። አንድ መሐንዲስ ያላየውን ብረት አይቻለሁ ብሎ ሊፈርም አይችልም። በእኔ በኩል ጉዳዩ የመልክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሥራና የዕድሜ ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈቃድ ብቻ ለምን አይበቃም?

«ትንሽ ብላ፣ ብዙ ተራመድ» የሚለው ምክር በመሠረቱ ትክክል ነው። ክብደቱ በመጠኑ ለጨመረ ሰውም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክብደቱ እጅግ ለበዛ ሰው ግን የሰውነት አሠራር ራሱ ይቃወመዋል። ሰውነት ልክ የሙቀት መጠን እንደሚቆጣጠር መሣሪያ፣ የለመደውን ክብደት ጠብቆ ለማቆየት ይታገላል። ክብደት ሲቀንስ ረኃብ ይጨምራል፤ በዕረፍት ጊዜ የሚቃጠለው ኃይል ደግሞ ይቀንሳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የወጣው የኬቨን ሆልና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር ላይ ተካፍለው የነበሩ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ መረመሩ። አብዛኞቹ ከቀነሱት ክብደት ብዙውን መልሰው አግኝተውት ነበር፤ እንዲህም ሆኖ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህን ጥናት ያነበበ ሰው ክብደቱ ተመልሶ የጨመረበትን ወዳጁን «ሰነፍ» ብሎ ለመጥራት ይቸገራል።

ረኃብ ከሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች አንዱ ግሬሊን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ጃፓናውያኑ ኮጂማና ካንጋዋ ናቸው። አብዛኛው የሚመነጨውም ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በምግብ ቅነሳ ብቻ በከሱ ሰዎች ላይ ይህ ሆርሞን ከፍ ሲል፣ ባይፓስ የተባለው ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ላይ ግን ዝቅ ብሎ ታየ። ከዚህ የምንረዳው ቀዶ ሕክምናው ሆድን ማጥበቡ ብቻ ሳይሆን፣ በአንጀትና በአእምሮ መካከል ያለውን መልእክት የሚለውጥ መሆኑን ነው።

የሕክምናው አመጣጥ

ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ነው። የዚያን ጊዜው ዘዴ የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ከምግብ መንገድ ማስወጣት ነበር። ሰዎቹ ከሱ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በጉበት መጎዳት፣ በኩላሊት ጠጠርና በምግብ እጥረት ስለ ተሠቃዩ ዘዴው ቀረ። ከዚያ በኋላ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን፣ በቁስል ምክንያት የጨጓራቸው ከፊል የወጣላቸው ሰዎች ክብደት ለመጨመር እንደሚቸገሩ አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ ከባልደረባው ከኢቶ ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 የጨጓራ ባይፓስን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ መሥራት ተቻለ።

ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ እጅጌ ቀጭን ሆኖ ይሰፋል። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ቀሪው ጨጓራና የአንጀቱ መጀመሪያ ክፍል በሰውነት ውስጥ ቢቆዩም ምግብ አያልፍባቸውም። የከረጢቷ መጠን ከቡና ሲኒ ግማሽ አይበልጥም። ለእኔ የተደረገልኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ማን ይታከም የሚለውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የጸደቀው መመሪያ ስሌቱ 40ና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም 35 ሆኖ ከባድ ተጓዳኝ በሽታ ያለበትን ሰው ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት የሙያው ማኅበራት ይህን አሻሽለው፣ 35ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ፣ ከ30 ጀምሮም እንደ ስኳር በሽታ ያለ ችግር ላለበት ሊታሰብ እንደሚገባ አስታውቀዋል።

ጥቅሙ በረጅም ጊዜ ጥናት ተመዝኗል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ2000 በላይ ሰዎች፣ ካልተደረገላቸው ተመሳሳይ ሰዎች ጋር እያነጻጸረ ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት የታከሙት ካልታከሙት ይልቅ 3 ዓመት ያህል የበለጠ ዕድሜ አግኝተዋል፤ ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው ከጠቅላላው ሕዝብ ዕድሜ 5 ዓመት ተኩል ያህል ያንሳል። በዚያ ጥናት አብዛኞቹ የታከሙበት የቀዶ ዓይነት ዛሬ እምብዛም እንደማይሠራም ማስታወስ ይገባል። ጉዳቱም ተመዝኗል። በአሜሪካ 4776 ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ የሞቱት 0.3 በመቶ፣ ከባድ ችግር የደረሰባቸው ደግሞ 4.3 በመቶ መሆናቸውን ገልጿል። ይህ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሴማግሉታይድ፣ በ2023 ደግሞ ቲርዜፓታይድ የተባሉት በመርፌ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በአሜሪካ ለክብደት ቅነሳ ተፈቅደዋል። ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ጥሩ ውጤት አግኝቶባቸዋል። ሆኖም ሴማግሉታይድን ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰው ማግኘታቸው በጥናት ታይቷል። በቀዶም ሆነ በመርፌ፣ ነገሩ ዕድሜ ልክ የሚያዝ ሥራ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

ሁላችንም እንደምናውቀው፣ አፈሩ ሳይመረመር መሠረት አይቆፈርም። እዚህም እንዲሁ ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ፣ የደም ስኳር፣ የደም ብረትና የቫይታሚን መጠን ይመረመራሉ። በአገራችን በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚገኘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ካለ አስቀድሞ ይታከማል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ማቆም አለበት። ከቀዶው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ስብና ስኳር የተቀነሰበት ጥብቅ ምግብ ይታዘዛል፤ ምክንያቱም በስብ ያበጠ ጉበት ጨጓራውን ስለሚሸፍንና ለሐኪሙ መንገድ ስለሚዘጋ ነው።

ከሥጋ ምርመራው ጎን የአእምሮ ዝግጅት አለ። ብዙዎቻችን ምግብን የምንጠቀምበት ለረኃብ ብቻ አይደለም። ለድካም፣ ለብስጭት፣ ለብቸኝነትም እንጠቀምበታለን። ሩቅ አገር በሚሠራ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወራት የሚቀመጥ መሐንዲስ፣ ማታ ማታ ምን እንደሚያጽናናው ራሱ ያውቃል። ቀዶ ሕክምናው ይህን መጽናኛ ይወስድበታል፤ ብስጭቱንና ብቸኝነቱን ግን አይወስድለትም። በእነርሱ ፋንታ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካላሰበ፣ ከቀዶው በኋላ ባዶ እጁን ይቀራል።

ሌላው ዝግጅት የገንዘብ ነው። ብዙ ሰው የቀዶውን ዋጋ ብቻ ያሰላል። ዕድሜ ልክ የሚወሰደውን ቫይታሚን፣ በየጊዜው የሚደረገውን የደም ምርመራ፣ የሚለወጠውን ልብስ ሁሉ በበጀቱ ውስጥ ማስገባት ይገባል። ከአገራችን ወደ ቱርክ ወይም ወደ ህንድ ሄዶ መታከም የተለመደ ሆኗል። ይህን የሚያስብ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚከታተለው ሐኪም ማን ነው? የዚህን መልስ ያላገኘ ሰው ጥገና የሌለው ማሽን ገዝቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት

ከቀዶው በኋላ ሰው እንደ ሕፃን መብላት ይማራል። መጀመሪያ ጥሩ ውኃና ቀጭን ሾርባ፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ከዚያም የተፈጨ፣ ከዚያም ለስላሳ ምግብ ይወሰዳል። ወደ መደበኛው ምግብ የሚደረሰው ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ለዚህም እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎ፣ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ ምስርና ሽሮ ጥሩ አገልጋዮች ናቸው። ምግብና መጠጥ አብረው አይወሰዱም፤ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሣሉ። ውኃው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል መሆን ሲኖርበት፣ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ስለማይቻል ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። በበርሃ ሙቀት በሚሠራበት ቦታ ይህን የዘነጋ ሰው ቶሎ ይደክማል።

እንጀራ ጉዳይ ነው። እንጀራ እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ ይመጣል፤ በትንሿ ከረጢት ውስጥም ሲያብጥ ያጨናንቃል። በእኔ በኩል ወራት ከቆየሁ በኋላ በትንሹ መልሼዋለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ ወጡን፣ ቀጥዬ አትክልቱን፣ በመጨረሻ ቦታ ከተረፈ እንጀራውን እበላለሁ። ለኢትዮጵያዊ ይህ የማዕድ ሥርዓት መገልበጥ ነው።

ጣፋጭ ነገር ባይፓስ የተደረገለትን ሰው በልዩ ሁኔታ ይቀጣዋል። ስኳሩ ሳይዘገይ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ራሱ ይዞራል፣ ሆዱ ይታወካል። ለስላሳ መጠጥና ጠጅ ይህን ያስከትላሉ። በሦስተኛው ወር ገደማ ደግሞ ፀጉር ይረግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። በፍጥነት የሚከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊያገኘው ስለሚችልም ሐኪሞች የመከላከያ መድኃኒት የሚያዙበት ጊዜ አለ። ሴት ባልደረቦቻችን የሚያውቁት ነገር ደግሞ፣ ከቀዶው በኋላ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ማርገዝ እንደማይመከር ነው።

የምሥራቹም መነገር አለበት። የደም ስኳሬ ገና ክብደቴ ብዙ ሳይቀንስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተስተካከለ፤ ይህም በብዙ ታካሚዎች ላይ የታወቀ ነገር ነው። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ 97 ኪሎ ደረስሁ። ቀበቶውን ታጥቄ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ፣ አምዱ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ብረቱን በዓይኔ አየሁ። ሌላው ለውጥ ሁሉ ቢቀር ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ማዕድና ሰው

የተከበራችሁ አባላት፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በሌላ ቋንቋ የተጻፉ የሕክምና መጻሕፍት አይነግሩንም፤ እኛው ለራሳችን ልንነጋገርበት ይገባል። በእኛ ዘንድ አብሮ መብላት ዝምድና ነው። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ቤት ሰው ሳይበላ ቢነሣ ባለቤቱ ይከፋዋል። «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንዲት ጉርሻ ብቻ!» ይባላል። አንዲት የአክስት ጉርሻ ግን የእኔ ሙሉ ምሳ ናት። እምቢ ስል ኩራት ይመስላል፤ ብቀበል ደግሞ ሕመም ነው። ቀስ በቀስ የተማርሁት ከማዕዱ አለመሸሽን ነው። እቀርባለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ አጫውታለሁ፣ ሌላውን አጎርሳለሁ። ማጉረስ መጉረስን የሚተካ መሆኑን ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው።

የጾም ነገር ተጨማሪ ማሰብ ይጠይቃል። የኦርቶዶክስ ጿሚ በዓመት ውስጥ ከግማሽ ለማያንስ ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይከለከላል፤ እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በኋላም ሳይበላ ይቆያል። ቀዶ የተደረገለት ሰው ደግሞ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላትና ፕሮቲን ማሟላት አለበት። በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ወንድማችንም ቀኑን ሙሉ ውኃ አለመጠጣቱ፣ ማታም አካክሶ መጠጣት አለመቻሉ ያስቸግረዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጾም አይመከርም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መምህሩን አማክሮ፣ ሁለቱም የሚያውቁትን መንገድ መያዝ ይሻላል። ሁለቱን ወገን እየደበቁ በመካከል መጎዳት ለሥጋም ለነፍስም አይጠቅምም።

ከዚያም ሰዎች መክሳትን ያያሉ። «ምነው? አሞህ ነበር እንዴ?» ይሉሃል። በአገራችን በፍጥነት መክሳት ለብዙ ዓመታት የክፉ በሽታ ምልክት ተደርጎ ስለ ተወሰደ፣ ከኋላ የሚነገረው ከፊት ከሚነገረው ይብሳል። እናቴ ራሷ ለጎረቤት መልስ መስጠት እስኪሰለቻት ድረስ ተጠይቃለች። ከከሳሁ በኋላ ያገኘሁትን ውዳሴም ቢሆን በደስታ ብቻ አልተቀበልሁትም። በ142 ኪሎዬ ሳለሁ ሐሳቤን በግማሽ ጆሮ ይሰሙ የነበሩ ሰዎች፣ በ97 ኪሎዬ ያንኑ ሐሳብ ስናገር ማስታወሻ ይዘዋል። ስሌቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ወገቤ ብቻ ነው።

አእምሮ ከአካል በኋላ ይደርሳል። ሰውነት በዓመት የሚከሳውን ያህል አእምሮ በዓመት አይከሳም። ለረጅም ጊዜ በሁለት ወንበር መካከል ሳልፍ በጎኔ ዞሬ አልፍ ነበር፤ መንገዱ ግን ሰፊ ነበር። ቆዳም የተዘረጋበትን ዘመን አይረሳም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ በሙቀት ጊዜ ይቆስላል። በትዳርም ላይ ለውጥ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የስዊድን ጥናት፣ ከቀዶው በኋላ ብቸኛ የነበሩት የማግባት ዕድላቸው፣ ባለትዳሮች የነበሩት ደግሞ የመፋታት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። አንዱ ሰው ሲለወጥ ቤቱ በሙሉ ክብደቱን እንደገና ማከፋፈል አለበት፤ ይህን ባልና ሚስት አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይበጃል።

የአልኮል ነገር በተለይ ለእኛ ሙያ ሰዎች ይነገር። ከባይፓስ በኋላ መጠጥ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ አንድ መለኪያ እንደ ሁለት ይሠራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ ከቀዶው በፊት በነበረው ዓመት 7.6 በመቶ የነበረው የመጠጥ ችግር በሁለተኛው ዓመት ወደ 9.6 በመቶ ከፍ ማለቱን ገልጿል። የምግብን ቦታ መጠጥ እንዳይወርሰው መጠበቅ ያስፈልጋል። ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት የሚይዛቸውም አሉ፤ «ከስተህ ምን ጎደለህ?» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ክብደትም ይመለሳል። እኔ ዛሬ፣ ከቀዶው 3 ዓመት በኋላ፣ 101 ኪሎ ነኝ። ከዝቅተኛው 4 ኪሎ ጨምሬአለሁ፤ በስሌቱ መሠረትም አሁንም ከልክ በላይ ወፍራም ተብዬ እጻፋለሁ። ከመነሻዬ ግን 41 ኪሎ ርቄያለሁ፣ የስኳር መድኃኒቴን ትቻለሁ፣ ሌሊቱን እተኛለሁ። በስዊድኑም ጥናት ከፍተኛው ቅናሽ የታየው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከፊሉ ተመልሷል። ይህ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ያላወቀ ሰው ጥቂት ኪሎ ሲጨምር ተስፋ ቆርጦ ክትትሉን ይተዋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምሥጢርና አደጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ብዙዎች ይህን ሕክምና ከቤተሰብ እንኳ ደብቀው ያደርጉታል። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ «በአቋራጭ ከሳ» እንዳይባሉ ነው። ነገር ግን የሚከተለውን አስቡ።

ባይፓስ የተደረገለት መሐንዲስ ከከተማ በራቀ ሳይት ላይ ጀርባውን አመመው እንበል። በአቅራቢያው ባለው ክሊኒክ ወዲያው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይሰጠዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራውና አንጀቱ በተገናኙበት ስፌት ላይ ቁስል ሊያወጡ፣ ቁስሉም ሊደማ ወይም ሊቀደድ ይችላል። ወይም ለቀናት ያለማቋረጥ ያስመልሰዋል እንበል። የሚሰቀልለት ግሉኮስ ነው። ብዙ ያስመለሰና ያልበላ ሰው ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ያልቅበታል፤ ታያሚን ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ ከገባለት አእምሮው ሊጎዳ፣ ዓይኑና አረማመዱ ሊታወክ ይችላል። ወይም ከዓመታት በኋላ ድንገተኛ የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል። በባይፓስ ጊዜ በተፈጠረ ክፍተት ውስጥ አንጀት ገብቶ ሊታነቅ ስለሚችል ይህ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳይ ነው፤ የማያውቅ ሰው ግን የጨጓራ ማስታገሻ ሰጥቶ ያስተኛዋል። በሦስቱም ሁኔታ የሚያክመው ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ አልተነገረውምና። ከቫይታሚን ቢ12፣ ከብረትና ከካልሲየም እጥረት የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ድምፅ የለውም፤ በዝግታ እየበላ ቆይቶ የደም ማነስና የነርቭ መደንዘዝ ሆኖ ይገለጣል።

ስለዚህ በኪሴ ውስጥ አንዲት ካርድ አለች። የተደረገልኝ ቀዶ ዓይነት፣ ዓመቱ፣ ልወስዳቸው የማይገቡ መድኃኒቶችና የሐኪሜ ስልክ ተጽፎባታል። ባለቤቴ ታውቃለች፣ የሳይቱ ፎርማን ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል። ሰው ሁሉ ይወቅልኝ አልልም፤ ሦስት ሰው ማወቅ ግን አለበት።

ማጠቃለያ

በግንባታ ውል ውስጥ ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ቀዶ ሕክምናው ጊዜያዊ ርክክብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዋስትና ጊዜ ግን አያልቅም፤ የመጨረሻ ርክክብ የሚባል ነገር የለውም። ይህን ተቀብሎ የሚገባበት ሰው ይጠቀማል፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ መስሎት የሚገባ ሰው ይጎዳል። ማንም ታከሙ ብዬ አልመክርም፤ ይህ የእያንዳንዱና የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ለማኅበራችን ግን አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

1ኛ፤ የአባላት የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና ክብደት በዓመት አንድ ጊዜ የሚለካበት ዝግጅት ከጉባዔው ጋር ይያያዝ።

2ኛ፤ ከቀዶ ሕክምና የሚመለስ ባልደረባ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር እንዳያነሣና ከፍታ ላይ እንዳይወጣ የሥራ ኃላፊዎች ይደግፉት፤ በሥራ ሰዓትም ጥቂት ጥቂት ለመብላትና ውኃ ለመጠጣት ጊዜ ይሰጠው።

3ኛ፤ ለሳይት ክሊኒኮች በሚሰጠው የጤና መመሪያ ውስጥ ከላይ የተዘረዘሩት ሦስት አደጋዎች እንዲገቡ ይጠየቅ።

4ኛ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሳይቱ «ቦርጫሙ» እያልን የምንጠራውን ባልደረባችንን በስሙ እንጥራው። የከሳውንም ምን እንደ ነካው በሰው መካከል አንጠይቀው። ቢፈልግ ይነግረናል፤ የሚነግረን ደግሞ ሳይስቅበት የሚሰማው ጆሮ ያገኘ እንደ ሆነ ነው።